የውጭ ባለሀብት በኢትዮጵያ የሆቴልና ቱሪዝም ሥራ

የውጭ አገር ዜጋ ወይም ድርጅት በኢትዮጵያ የሆቴልና ቱሪዝም ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ሕጉ ትልቁንና ኮከብ ያለውን ይፈቅድለታል፤ ፔንሲዮኑን፣ የእንግዳ ማረፊያውን፣ ሻይ ቤቱንና ቡና ቤቱን ለአገሬው ይከልላል። አስጎብኚነትም የተከለለ ነው። ዋናው ሕግ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ሲሆን፣ የተፈቀዱትንና የተከለሉትን መስኮች የሚዘረዝረው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 474/2012 ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ነው፤ የደረጃና የሙያ ቁጥጥሩ ደግሞ የቱሪዝም ሚኒስቴርና የክልል ቢሮዎች ድርሻ ነው።

በዚህ መስክ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስምን ከባለቤትነት ጋር በማደባለቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ ስም የተሰቀለባቸው ሆቴሎች ጥቂት አይደሉም፤ ራዲሰን ብሉ፣ ሃያት ሪጀንሲ፣ ራማዳ፣ ቤስት ዌስተርን ፕላስ፣ የማሪዮት አፓርትመንቶች አሉ። ሕንጻውን ያሠሩትና ዕዳውን የተሸከሙት ግን በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ናቸው። የውጭው ኩባንያ የሚያመጣው ስሙን፣ የአሠራር መመሪያውን፣ የቦታ ማስያዣ ሥርዓቱንና ሥራ አስኪያጁን ነው።

ታሪክ

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል በእቴጌ ጣይቱ የተመሠረተውና እስካሁን ፒያሳ ላይ በስማቸው የሚጠራው ነው። በከተማዋ የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ግሪኮችና አርመኖች፣ በኋላም ጣሊያኖች፣ ትንንሽ ሆቴሎችንና መጠጥ ቤቶችን ይዘው ይሠሩ ነበር። በዛሬው ደንብ ቢዳኙ ከእነዚህ አብዛኞቹ ፈቃድ ባላገኙ ነበር።

ዓለም አቀፍ የሆቴል ኩባንያ ሥር የሰደደው በ1962 ዓ.ም. ሂልተን አዲስ አበባ ሲከፈት ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሀብትና ንብረት ሲወርስ ሆቴሎችም አብረው ተወረሱ። ሂልተን ግን ስሙን አላወረደም። አሜሪካ በኢምፔሪያሊዝም ስትወገዝ በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ ይህ አሜሪካዊ ኩባንያ የመንግሥት ንብረት የሆነውን ሕንጻ ማስተዳደሩን ቀጠለ። በኢትዮጵያ የሆቴል ታሪክ የሥራ አመራር ውል ከባለቤትነት ይልቅ እንደሚበረታ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ሸራተን አዲስ በ1990 ዓ.ም. የተከፈተው ኢትዮጵያ በተወለዱት የሳዑዲ ዜጋ በሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ገንዘብ ነው። እዚህም ባለሀብቱ ሌላ፣ አስተዳዳሪው ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ መንግሥት ራሱ ወደ ገንቢነት ተመለሰ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስካይላይት ሆቴል ከማስፋፊያው ጋር 1,024 ክፍሎች አሉት፤ «ገበታ ለሀገር» በተባለው የመንግሥት ፕሮጀክት ደግሞ ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ላይ የመዝናኛ ስፍራዎች ተገንብተዋል። ዛሬ ገበያው የሚገባ የውጭ ባለሀብት ተፎካካሪው የጎረቤት ሆቴል ብቻ ሳይሆን መሬት በነፃ የሚያገኝ መንግሥትም መሆኑን ቆጥሮ መግባት አለበት።

የተፈቀደውና የተከለለው

ደንብ ቁጥር 474/2012 ሆቴልን፣ ሎጅን፣ ሪዞርትን፣ ሞቴልን፣ የእንግዳ ማረፊያንና ፔንሲዮንን ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ ይተዋል፤ የኮከብ ደረጃ ያላቸውን ግን ከክልከላው ያወጣል። ምግብ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ቡና ቤት፣ የምሽት ክበብና የምግብ ዝግጅት አገልግሎትም እንዲሁ የተከለሉ ናቸው። በዚህ በኩል የተለየው ኮከብ ያለው የብሔራዊ ምግብ ቤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ኮከብ የሚሰጠው ተሠርቶ ላለቀ፣ እንግዳ ለሚቀበል ቤት ነው፤ ፈቃዱ ግን የሚጠየቀው መሠረት ከመጣሉ በፊት ነው። ስለዚህ ባለሀብቱ የሚያቀርበው የኮከብ ወረቀት ሳይሆን ለኮከብ የሚያበቃ ዕቅድ ነው። የክፍሉ ስፋት፣ የመታጠቢያ ቤቱ አሠራር፣ የአሳንሰሩ ብዛት፣ የእሳት አደጋ መውጫው፣ የኩሽናው አቀማመጥ ሁሉ ከመጀመሪያው ሥዕል ጀምሮ በደረጃ መስፈርቱ መለካት አለባቸው። ሕንጻው ካለቀ በኋላ ግድግዳ ማፍረስ ውድ ነው፤ ደረጃ ማጣት ደግሞ ለውጭ ባለሀብት ከገበያ ጉዳት አልፎ የፈቃድ ጥያቄ ይሆናል። በአገሪቱ ዓለም አቀፍ መስፈርትን ተከትሎ የተካሄደው የሆቴሎች ምደባ ውጤቱ በአዲስ አበባ የተገለጸው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ የያኔው የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ባለሙያዎች ጋር ነበር የሠራው። ከዚያ በፊት ኮከብን ራሱ ለራሱ የሚሰጥ ሆቴል ብዙ ነበር። ውጤቱ ሲወጣ ያለ ኮከብ የቀሩ ነበሩ፤ ቅሬታም አልጠፋም።

ቱሪስት ማስጎብኘት፣ የጉዞ ወኪልነትና የቲኬት ሽያጭ ሙሉ በሙሉ የተከለሉ ናቸው። ተሽከርካሪ ማከራየትም እንደዚሁ። በአገር ውስጥ የአየር ትራንስፖርት የውጭ ባለሀብት የሚገባው ከኢትዮጵያዊ ጋር በሽርክና ሲሆን ድርሻው ከ49 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ ፓሪስ ወይም በርሊን ያለ የጉዞ ድርጅት ላሊበላን፣ ዳናክልንና ኦሞን ለደንበኛው ይሸጣል፤ ላንድክሩዘሩን፣ ሹፌሩን፣ አስጎብኚውንና የካምፕ ወጥ ሠሪውን የሚያቀርበው ግን አዲስ አበባ ያለው ኢትዮጵያዊ አስጎብኚ ድርጅት ነው። ይህ ክልከላ ለአገሬው ይበጃል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሆቴል ብዙ ካፒታል ይጠይቃል፤ አስጎብኚነት ግን ዕውቀትና ጥቂት መኪና ያለው ወጣት ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነውና።

ካፒታልና ፈቃድ

የውጭ ባለሀብት ብቻውን ሲሠራ ለአንድ ፕሮጀክት ሊመድብ የሚገባው ዝቅተኛ ካፒታል 200,000 የአሜሪካ ዶላር ነው። ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ከሆነ ወደ 150,000 ዝቅ ይላል። ቀድሞ ካገኘው ትርፍ ወይም የትርፍ ድርሻ መልሶ ኢንቨስት የሚያደርግ ከዚህ መጠን ነፃ ነው። ቁጥሩ የመግቢያ ትኬት እንጂ የሆቴል ዋጋ አይደለም፤ በዚህ ገንዘብ አዲስ አበባ ውስጥ ኮከብ ያለው ሆቴል አይሠራም።

ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቋቋመው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ከተሻሻለ ወዲህ አንድ ሰው ብቻውን ይህን ዓይነት ማኅበር ማቋቋም ይችላል። የማኅበሩ ሰነድ ይረጋገጣል፣ የግብር ከፋይ ቁጥር ይወጣል፣ የባንክ ሒሳብ ይከፈታል፣ ካፒታሉ በውጭ ምንዛሪ ይገባል። የገባውን ካፒታል ማስመዝገብ መቼም ሊዘነጋ የማይገባ ነገር ነው፤ ባለሀብቱ ትርፉን ወይም የአክሲዮን ሽያጩን ገንዘብ ወደ አገሩ ለመላክ ሲጠይቅ ባንኩ የሚፈልገው ማስረጃ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የግንባታ ፈቃድ፣ በአካባቢ ላይ የሚደርሰው ተጽዕኖ ግምገማ፣ የሠራተኞች የሥራ ፈቃድ እያለ ይቀጥላል። የውጭ አገር ባለሙያ መቅጠር ይቻላል፤ ሕጉ የሚጠብቀው ግን በጊዜ ሂደት በሠለጠነ ኢትዮጵያዊ እንዲተካ ነው።

የኩባንያ ትርፍ ግብር 30 በመቶ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። በደንበኛው ሒሳብ ላይ የሚጨመረው 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ደግሞ ግብር አይደለም፤ በሆቴሎች የተለመደ አሠራር ነው።

መሬት

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ኢትዮጵያዊም የውጭ ሰውም የሚያገኘው የመጠቀም መብት ነው። በከተማ መሬት በሊዝ ጨረታ ወይም በምደባ ይሰጣል፤ ከከተማ ውጭ ከክልል መንግሥት ይከራያል። ሎጅ ለመሥራት የሚመረጡት ቦታዎች አብዛኞቹ የሁለተኛው ዓይነት ናቸው፤ ሐይቅ ዳር፣ የገደል አፋፍ፣ ፓርክ አጠገብ። እዚያ የወረቀቱ ባለቤት ክልሉ ቢሆንም ሣሩን የሚያጭደው፣ ከብቱን የሚያሰማራው፣ መንገዱን የሚያቋርጠው ገበሬው ነው። ስለ ካሳውና ስለ ሥራ ዕድሉ ከገበሬው ጋር ሳይነጋገሩ የታጠረ ሎጅ አጥሩ ረጅም ዕድሜ አይኖረውም። ፓርክ ውስጥ ከሆነ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ቅርስ አጠገብ ከሆነ የቅርስ ባለሥልጣን ቃል አላቸው።

ከአዲስ አበባ ውጭ

የውጭ ሰው እጅ በግልጽ የሚታየው በትልልቆቹ ሆቴሎች ሳይሆን በሎጆች ነው። በሰሜን ተራሮች 3,260 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ሲሚየን ሎጅ የተከፈተው በእንግሊዛዊ ነው። የገርዓልታ ሎጅ በጣሊያናዊ እጅ ከአካባቢው ድንጋይ ተሠርቶ ሐውዜን አጠገብ ቆሟል። በላሊበላ የቤን አበባ ምግብ ቤትን የከፈቱት አንዲት ስኮትላንዳዊት ከኢትዮጵያዊ ሸሪካቸው ጋር ነው፤ ኮረብታ ላይ የተጠማዘዘው ሕንጻ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ቀጥሎ ብዙ ፎቶ የሚነሳ ሳይሆን አይቀርም።

እነዚህ ቤቶች የሚያሳዩት ሌላም ነገር አለ። ትርፋቸው የተመሠረተው ከመስከረም እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት፣ በገናና በጥምቀት ሰሞን በሚመጣው እንግዳ ላይ ነው። ኮሮና ከመጣ በኋላ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የቆየው የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ ላሊበላ፣ አክሱምና ገርዓልታ ባዶ ሆኑ። የአማራ ክልል ግጭት ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጎንደርንና ላሊበላን እንደገና ጎዳ። አገር ውስጥ ባለሀብትም አልተረፈም፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት በተነሳው ሁከት የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ሆቴሎች በሻሸመኔና በዝዋይ ተቃጥለዋል። ተራው የእሳት መድን ለእንዲህ ያለው ጉዳት አይበቃም። ኢትዮጵያ የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው የባለብዙ ወገን ኢንቨስትመንት ዋስትና ኤጀንሲ አባል ስለሆነች፣ የሌላ አባል አገር ባለሀብት ከጦርነትና ከሁከት፣ ከመወረስና ገንዘብ ወደ ውጭ ለመላክ ከሚገጥም ክልከላ ዋስትና ሊገዛ ይችላል።

የሥራ አመራር ውል

ባለሕንጻውና የሆቴሉ ኩባንያ የሚፈራረሙት ውል ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። በዓለም አቀፍ ልማድ ኩባንያው ከጠቅላላ ገቢው ከ2 እስከ 3 በመቶ አካባቢ መሠረታዊ ክፍያ፣ ከሥራ ትርፉ ደግሞ የማበረታቻ ክፍያ ይወስዳል፤ የማስታወቂያና የቦታ ማስያዣ ክፍያው ለብቻው ነው። መሠረታዊው ክፍያ ከትርፍ ሳይሆን ከገቢ የሚቆረጥ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ሆቴሉ ቢከስርም አስተዳዳሪው ይከፈለዋል፤ የባንኩን ወለድ የሚሸከመው ባለሕንጻው ብቻ ነው። ለውጭው ኩባንያ ይህ ገንዘብ ሳያወጡ ገበያ መግባት ነው፤ ለዚህም ነው አብዛኞቹ ይህን መንገድ የመረጡት። ለኢትዮጵያዊው ባለቤት የሚተርፈው ስሙ የሚያመጣው እንግዳና የሠለጠነ ሠራተኛ ነው። ክፍያው ወደ ውጭ እንዲወጣ ውሉ በኮሚሽኑ መመዝገብ አለበት።

የውጭ ምንዛሪ

ለብዙ ዓመታት የዘርፉ ትልቁ ራስ ምታት የዶላር ወረፋ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዶላር የሚከፍል እንግዳ ያለው ሆቴል ተጠቀመ። ዕዳው በዶላር፣ ገቢው ግን ከአገር ውስጥ ስብሰባና ሠርግ የሆነው ተጎዳ። ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ማስላት ይቻላል፤ የእንግዳው ገንዘብና የብድሩ ገንዘብ አንድ ዓይነት ከሆኑ ጉዳቱ ያንሳል።

ትውልደ ኢትዮጵያውያን

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ የሚኖር ዜግነቱን የቀየረ ኢትዮጵያዊ ከፈለገ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለቪዛና ያለሥራ ፈቃድ እንዲሠራ ያደርገዋል። ስለዚህ ለውጭ ሰው የተዘጋው ፔንሲዮን፣ ቡና ቤትና አስጎብኚ ድርጅት ለእርሱ ክፍት ነው፤ የ200,000 ዶላሩም ግዴታ አይመለከተውም። አሜሪካ ቦስተን በስፓ ሥራ የቆዩት አቶ ታዲዮስ ጌታቸው በለጠ የመሠረቱት ኩሪፍቱ ሪዞርት በዳያስፖራ ልምድ የተገነባ ትልቁ የሎጅ ስም ሆኗል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት የተመዘገበ ሰው ለውጭ ባለሀብት የተሰጠውን ትርፍ በውጭ ምንዛሪ የመላክ መብት አብሮ ይገኛል ብሎ መገመት የለበትም።

ለውጭ ባለሀብት የተከለሉት መስኮች በየጊዜው ይሻሻላሉ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ የገቢ፣ የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት በቅድመ ሁኔታ ሲከፈት፣ አስጎብኚነትና ኮከብ የሌለው ሆቴል በመመሪያው አልተካተቱም።