ለትልቅ አውሬ የሚበቃ ጥይት

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 በአትባራና በሰቲት ወንዞች ዳርቻ ሲያድን ከያዛቸው ጠመንጃዎች አንዱ ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን ፈንጂ አረር ይተፋ ነበር። ጥቁር ባሩድ አረሩን የሚያፈጥንበት ልክ ውሱን በመሆኑ አዳኙ የነበረው አማራጭ ክብደት መጨመር ብቻ ነው። ትከሻ የሚያደቀው ያ ዘመን ማክተም የጀመረው ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሲሠራ ነው።

ለውጡ እኛንም ነክቶናል። አያቶቻችን የታጠቁት ባለ 11 ሚሊ ሜትሩ ውጅግራ የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ ነበር። ፈረንሳይ በጭስ አልባ ባሩድ በሚሠራው በ8 ሚሊ ሜትሩ ሌበል ስትተካው ብዙው ወደ አገራችን ገባ፤ ጥይቱም በየገበያው እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር።

ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን ገድሏል፤ አብዛኛውን በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር፣ 11 ግራም በሚመዝንና ጫፉ ድረስ በብረት በተሸፈነ አረር። በጋምቤላው ጊሎ ወንዝም አድኗል። ይህን እየጠቀሱ «ትንሽ ጥይት ይበቃል» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ቤል የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ አስከፍቶ አንጎሉ የት እንዳለ ያጠና ሰው ነው። ጥይቱን ወስዶ ጥናቱን የተወ አዳኝ የሚተርፈው የቆሰለ አውሬ ነው።

መካከለኛው መንገድ የተገኘው በበርሊን ነው። ጠመንጃ ሠሪው ኦቶ ቦክ በ1905 ያወጣው 9.3 በ62 ጥይት 18.5 ግራም አረር ይወረውራል፤ በተራው ማውዘር 98 ውስጥም ልክ ይገባል። ውዱን ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ መግዛት ያልቻለ ሰው እንኳ ጎሽ ፊት የሚቆምበት መሣሪያ አገኘ። በ1912 የለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ .375ን አስከተለ፤ 19.4 ግራም አረር፣ በሰከንድ 760 ሜትር ገደማ። ቀለሃው ረጅም ነው፤ ወደ አፉም እየቀጠነ ይሄዳል። የእንግሊዞቹ ባሩድ ኮርዳይት እንደ ስፓጌቲ ቀጫጭን ዘንግ ሆኖ የሚሞላ፣ በሙቀትም ግፊቱ የሚያሻቅብ ነበር። ሰፊው ቀለሃ ግፊቱን ያበርዳል፤ ቅጥነቱ ደግሞ ከጋለ ጠመንጃ ሳይነክስ እንዲወጣ ያግዘዋል። ዛሬ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ ሕግ የሚፈቅደው ትንሹ መጠን ከነዚህ ሁለቱ አንዱ ነው።

የጥይቱ ስፋት ብቻውን ግን አይገድልም። አሜሪካዊው ጆን ኖስለር በ1946 በካናዳ ሙስ በተባለ፣ በጭቃ በተለሰነ ትልቅ አጋዘን ላይ ደጋግሞ ተኩሶ፣ አረሩ ቆዳው ላይ እየተበተነ አስቸገረው። መፍትሔውን ራሱ ሠራ፤ እርሳሱን ለሁለት ከፍሎ በመካከሉ የመዳብ ግድግዳ አቆመ። የፊቱ ክፍል ይፈነዳል፤ የኋላው ሳይበተን ጠልቆ ይገባል። ፓርቲሽን የተባለው ይህ አረር በ1948 ለገበያ ቀረበ።

በእጁ ጥይት የሚሞላ አዳኝም መጀመር ያለበት ከዚሁ ከአረሩ ነው፤ ፍጥነት ቀጥሎ ይመጣል። ቀለሃውን መርምሮ፣ የተሰነጠቀውን ጥሎ፣ የቀረውን ወደ ልኩ ይመልሳል። ባሩዱን ከታተመ ሠንጠረዥ ዝቅተኛ መጠን ጀምሮ በሚሊ ግራም እየመዘነ ይጨምራል። ከተኮሰ በኋላ የሚያየው የቀለሃውን ቂጥ ነው፦ እሳት የሚጭረው ቆብ ከተደፈጠጠ፣ መዝጊያውም አልነሳም ካለ ግፊቱ አልፏል፤ መመለስ አለበት። በደጋ ብርድ የተፈተነ ሙሌት በቆላ ቀትር ግፊቱ ስለሚጨምር፣ ጥይቱ በሚያድንበት ሙቀት እንደገና መፈተን ይኖርበታል።