የሠርጉ ዲስክ ለምን እምቢ አለ?

ኤግሊንተን ዌስት ባለው ቤትዎ ከአገር ቤት የተላከ የሠርግ ዲቪዲ አለ እንበል። ላፕቶፕዎ ውስጥ ቢከቱት ምስሉ አይታይም። ዲስኩ ተበላሽቷል ብለው ከመጣልዎ በፊት ታሪኩን ይስሙ።

ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን፣ በ1997 በአሜሪካ ለገበያ ሲቀርብ የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በቁጥር ከፋፈሉት። ለካናዳ 1፣ ለኢትዮጵያ 5 ደረሳት። ለአንዱ ክልል የተቆለፈ ፊልም በሌላው ማጫወቻ አይከፈትም። ሠርግ ቀራጮች የሚያዘጋጁት ዲስክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ቁልፍ የለበትም። የጎደለው ምስሉን የሚፈታው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የፈቃድ ክፍያ ስላለበት፣ ማይክሮሶፍት በ2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ አስቀረው።

መላውን ያገኙት ተማሪዎች ናቸው። በፓሪስ የኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች የጀመሩት ቪኤልሲ መፍቻውን በውስጡ ይዟል፤ ከ2001 ጀምሮም ለማንም በነፃ ክፍት ነው።

ስለዚህ ቪኤልሲን ይጫኑ። ላፕቶፕዎ የዲስክ ማስገቢያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካውን ይግዙ። ዲስኩ እንደተከፈተም ሳይውል ሳያድር ይገልብጡት፤ እንዲህ ያለው ዲስክ በዕድሜ ብዛት ይበላሻል። በዚያ ሠርግ እልል ያሉት አያት ዛሬ በሕይወት ላይኖሩ ይችላሉ፤ ድምፃቸው ግን እዚያ አለ።