የተቀበረ መርዝና የመንግሥት አደራ

መርዛማ ቆሻሻን ቀብሮ አፈር ማልበስ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አለመሆኑን ከሚያስረዱን የታሪክ ማስረጃዎች አንዱ፣ በኒው ዮርክ ግዛት በናያጋራ ፎልስ ከተማ የሚገኘው ላቭ ካናል ነው።

ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ከ1942 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል 21 ሺህ ቶን ገደማ ዝቃጭ በዚህ ቦይ ከቀበረ በኋላ፣ በ1953 ቦታውን ለከተማው የትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር ሸጠ። የሽያጩ ውል ከመሬቱ በታች ኬሚካል መኖሩን ይገልጻል፤ ወደፊት ለሚደርሰው ጉዳትም ኩባንያው ተጠያቂ እንደማይሆን ይደነግጋል። ቦርዱ ይህን እያወቀ ትምህርት ቤት ሠራበት፤ ከተማውም መንገድና የፍሳሽ መስመር ሲዘረጋ መርዙን አግዶ የያዘውን የሸክላ አፈር በሳው። ማስጠንቀቂያው በመዝገብ ሰፍሮ ነበር፤ የጎደለው መዝገቡን ይዞ ቦታውን የሚጠብቅ የመንግሥት አካል ነው።

መርዙ ወደ መኖሪያ ቤቶች ከዘለቀ በኋላ ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 የአስቸኳይ ጊዜ ዐወጁ፤ በ1980ም ሱፐርፈንድ የተባለው ሕግ ወጣ። ቦታው በ2004 ከፌዴራሉ የአደገኛ ቦታዎች ዝርዝር ቢሰረዝም፣ ፍሳሹን እየሰበሰቡ ማጣራቱና የከርሰ ምድሩን ውኃ መመርመሩ አልተቋረጠም።

ቆሼ የኬሚካል መቃብር ባይሆንም ጥያቄው ያው ነው። ለአሥርተ ዓመታት የተከመረው የአዲስ አበባ ቆሻሻ በ2017 ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችንን ሲፈጅ፣ ከሥሩ ሰው እንደሚኖር ያልታወቀ አልነበረም። ኩባንያ ይሸጣል፤ ነዋሪም ይለወጣል፤ የተቀበረው ግን ይቆያል። ስለዚህ ጥበቃው ከሹማምንት የሥልጣን ዘመን የሚያልፍ፣ በሕግ የተደነገገና በጀት የተመደበለት የመንግሥት ግዴታ ሊሆን ይገባል።