የኪሶ ሸለቆ የእንግዳ ማረፊያዎች

በጃፓን አገር፥ ሆንሹ በሚባለው ታላቅ ደሴት መካከል፥ በረጃጅም ተራሮች ታጥሮ የሚወርድ ኪሶ የተባለ ጠባብ ሸለቆ አለ። ኤዶን፥ ማለት የዛሬዋን ቶክዮን፥ ከጥንታዊቱ መናገሻ ከኪዮቶ ጋራ የሚያገናኘው ናካሴንዶ የተባለው መንገድ የሚያልፈው በዚሁ ሸለቆ ነው። መንገዱ 530 ኪሎ ሜትር ያህል ሲረዝም፥ ከ69 የማረፊያ ከተሞቹ 11ዱ በኪሶ ይገኛሉ። ዛሬ በጹማጎ ወይም በማጎሜ የሚያድር መንገደኛ ጫማውን ከደጅ አውልቆ፥ በሣር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፥ በወረቀት መዝጊያው የሚገባውን ለስላሳ ብርሃን ሲመለከት፥ ቤቱ ለዕረፍት ብቻ የታነጸ ይመስለዋል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። (ዘመናቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1635 ሾጉኑ ቶኩጋዋ ኢዬሚትሱ፥ ዳይምዮ የሚባሉት መሳፍንት በየተራቸው ወደ ኤዶ እየመጡ እንዲቀመጡ፥ ወደ ግዛታቸው ሲመለሱም ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን በኤዶ እንዲተዉ ደነገገ። ስለዚህ መሳፍንቱ ሠራዊታቸውን አስከትለው በየጊዜው መንገዱን ሞሉት። ማረፊያውም እንደ ሰው ማዕርግ ተለየ። መስፍኑ ሆንጂን በሚባለው ታላቅ ቤት ያድራል፤ ተርታው መንገደኛ ራትና ቁርስ በሚሰጥበት ሐታጎ ያርፋል፤ ድኻው ደግሞ የማገዶ ዋጋ ብቻ ከፍሎ የራሱን ሩዝ ቀቅሎ ይተኛል። የሆንጂኑ ባለቤት ብዙ ጊዜ የመንደሩ አለቃ ነበረና፥ መስተንግዶው ንግድ ከመሆን ይልቅ ግዳጅ ነበር።

የግዳጁ ክብደት ይበልጥ የወደቀው በገበሬው ላይ ነው። በናካሴንዶ ደንብ እያንዳንዱ የኪሶ ማረፊያ 25 ሰውና 25 ፈረስ ማዘጋጀት ይገባው ነበር፤ ይህ ሳይበቃ ሲቀር የአካባቢው መንደሮች እርሻቸውን ትተው ጭነት እንዲሸከሙ ይታዘዛሉ። በ1861 ልዕልት ካዙኖሚያ ሾጉን ኢዬሞቺን ለማግባት በዚህ መንገድ ስትጓዝ አጃቢው በብዙ ሺህ ይቈጠር ነበር። የኪሶ ሰው ደግሞ ሌላም ሸክም ነበረበት፤ ሂኖኪ የተባለውንና ሌሎቹን ምርጥ ዛፎች እንዳይቈርጥ የኦዋሪ መሳፍንት በጽኑ ቅጣት ከልክለውት ነበር። በደን ተከቦ እየኖረ ለቤቱ ምሰሶ የሚሆነውን እንጨት መመኘት ብቻ ተፈቀደለት ማለት ነው።

በ1868 የሾጉኖቹ አገዛዝ ሲወድቅ ብዙዎች ደኑ ለሕዝብ ይመለሳል ብለው ተስፋ አደረጉ። ከእነርሱም አንዱ የማጎሜ ሆንጂን ባለቤት ሺማዛኪ ማሳኪ ነበረ። አዲሱ መንግሥት ግን ደኑን የራሱ አደረገው። ማሳኪ ስለ መንደሩ ሰዎች አቤት ቢል ከሹመቱ ተሻረ፤ በኋላም አእምሮው ተናውጦ፥ በክፍል ተዘግቶበት በ1886 ሞተ። ልጁ ደራሲው ሺማዛኪ ቶሶን ከ1929 እስከ 1935 በጻፈው «ከንጋት በፊት» በተሰኘው ልብ ወለድ የአባቱን ሕይወት መነሻ አድርጓል። እኛ እንደሚመስለን፥ የእነዚህን ማረፊያዎች የውስጥ ኑሮ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከዚህ መጽሐፍ የተሻለ መሪ አያገኝም። ቤቱ ራሱ በ1895 በእሳት ጠፍቷል።

በ1911 የባቡር ሐዲዱ ሸለቆውን አቋርጦ ሲያልቅ መንገደኛው ሁሉ ወደዚያ ዞረ፤ ሐታጎዎቹም ባዶ ቀሩ። አዲስ ቤት ለመሥራት ገንዘብ ስላልነበረ አሮጌው እንደ ቆመ ቈየ። የጹማጎ ሰዎች በ1968 ቤቶቻቸውን ማደስ ጀመሩ፤ በ1971ም ቤትና መሬታቸውን እንዳይሸጡ፥ እንዳያከራዩ፥ እንዳያፈርሱ ቃል ኪዳን ገቡ። መንግሥት ከተማዪቱን ከተጠበቁ ቅርሶች ያስገባት ከዚህ በኋላ፥ በ1976 ነው። በዋናው ጎዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ አይታይም፤ ቀን ቀን መኪና አይገባም። እንግዳው በዚህ ጸጥታ ደስ ሲለው፥ ባለቤቱ ግን ዋጋው ከፍ ባለ ጊዜ እንኳ የአባቱን ቤት ሊሸጥ አይችልም።