የለመድነው ቃል ሲያሳስተን

እንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዘን ስንቀመጥ መዝገበ ቃላት የምንገልጠው ለማናውቀው ቃል ነው። የምናውቀውንማ ማን ይፈልገዋል! ዳሩ ግን የእንግሊዝኛን ታሪክ ላስተዋለ ሰው፣ አንባቢን ይበልጥ የሚያሳስተው እንግዳው ቃል ሳይሆን ቤተኛው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሌት» የሚለውን ግስ እንውሰድ። ዛሬ «መፍቀድ» ማለት ነው። በ1611 በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ ተተርጉሞ በወጣው መጽሐፍ ቅዱስ ግን፣ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በላከው ሁለተኛ መልእክት ውስጥ «መከልከል» ሆኖ እናገኘዋለን። እንዴት ተገለበጠ? በጥንቱ እንግሊዝኛ መልካቸው የሚቀራረብ ሁለት ግሶች ነበሩ፤ አንዱ መፍቀድ፣ ሌላው ማገድ። በጊዜ ብዛት ድምፃቸው አንድ ሆነና ፈቃጁ ከልካዩን አባረረው። ከልካዩ ግን ጨርሶ አልሞተም። የብሪታንያ ፓስፖርት ባለቤቱ ያለ «ሌት» እንዲያልፍ ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃድ ማለት እንዳይመስላችሁ፣ ያለ እገዳ ማለቱ ነው!

«ፕሪቬንት»ም እንዲሁ ነው። በዚያው በ1611 መጽሐፍ «መቅደም» ነበር። የቀደመ ሰው መንገድ ይዘጋልና ቀስ በቀስ «ማገድ» ሆነ። በ1952 ተሻሽሎ የወጣው ትርጉም በመቅድሙ ላይ፣ እንደነዚህ ያሉ ፍቺያቸው የተለወጠ ቃላት ከ300 እንደሚበልጡ ይነግረናል።

«ሲሊ» ደግሞ በፊት «ብፁዕ» ነበር፤ ቀጥሎ የዋህ፣ ከዚያ ምስኪን፣ በመጨረሻ ቂል ሆኖ አረፈው። አትሳቁ፤ የኛም «የዋህ» እኮ ይህንኑ መንገድ ጀምሮታል።

ነገሩ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ሹማምንት አንድ አስቸኳይ ጽሑፍ «ቴብል» ይደረግ አሉ። ለነሱ ጉዳዩን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ መነጋገር ነው፤ ለአሜሪካኖቹ ግን ለሌላ ጊዜ ማቆየት። ቸርችል በ1950 ባሳተመው የጦርነቱ ታሪክ እንደሚያወሳው፣ ሁለቱም ወገን አንድ ነገር እየፈለጉ ረጅምና መራራ ክርክር ገጠሙ። በቋንቋው አፋቸውን የፈቱት እንዲህ ከሆኑ፣ ከጥቁር ሰሌዳ የለቀምነው እኛ ምን እንሁን?

በተለይ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ይስማኝ፦ «ቢሊዮን» በብሪታንያ ድሮ ባለ 12 ዜሮ ነበር። የመንግሥት አኃዝ በአሜሪካው ባለ 9 ዜሮ እንደሚቆጠር ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልሰን ለፓርላማ ያሳወቁት በ1974 ነው። ከዚያ በፊት የታተመ የብሪታንያ መጽሐፍ በዛሬው ስሌት ካነበብን ሺህ እጥፍ ልንሳሳት ነው።

በቅኔ ሰምና ወርቁን ሆን ብሎ የሚያኖረው ባለቅኔው ነው። እዚህ ግን ተቀኚው ዘመን ነው፤ ፍቺውንም የሚነግረን የለም። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ አሮጌ መጽሐፍ ስታነሱ ከምዕራፍ አንድ በፊት የታተመበትን ዓመት እዩ። መዝገበ ቃላቱንም ለማታውቁት ቃል ብቻ ሳይሆን፣ ለምታውቁትም ግለጡት።