ስለ «ሬጅስተር» እና ስለ «ሬኮርድ»

በቢሮ ሥራ ላይ የቆየን ሰዎች ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት እናውቃለን፤ «ሬጅስተር» እና «ሬኮርድ»። በአማርኛ ሁለቱም «መዝገብ» ይባላሉ። ታሪካቸው ግን ይለያያል።

«ሬኮርድ» የመጣው በላቲን «ልብ» ከሚለው ቃል ነው፤ ወደ ልብ መመለስ፣ ማስታወስ እንደ ማለት። በድሮው እንግሊዝ አገር ሬኮርድ የአፍ ምስክርነትም ነበር። የለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1298 ጀምሮ «ሬኮርደር» የሚባል ሹም ነበራት፤ የከተማዋን ልማድ በቃሉ የሚያስረዳ። ሰው ሟች ነውና ቃሉ እየቆየ ወደ ጽሑፉ ዞረ።

«ሬጅስተር» ደግሞ በተራ በተራ የሚሞላ ደብተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1538 የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል፣ በየአጥቢያው ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር በየሳምንቱ እንዲጻፍ አዘዘ። ደብተሩ የሚቀመጠው ሁለት ቁልፍ ባለው ሣጥን ነበር፤ አንዱ ቁልፍ በቄሱ፣ ሁለተኛው በአጥቢያው ተጠሪዎች እጅ። ሕዝቡ ታዲያ «ግብር ሊጥሉብን ነው» ብሎ ፈራ። እውነትም እ.ኤ.አ. በ1783 ለተጻፈው ሁሉ 3 ፔንስ ይከፈል ተባለ፤ በ1794 ተሻረ።

በኋላ መንግሥት ለሁለቱ ሁለት መሥሪያ ቤት አቆመ። እ.ኤ.አ. በ1836 ለልደትና ለሞት የሬጅስተር፣ በ1838 ለፍርድ ቤትና ለመንግሥት ጽሑፎች የሬኮርድ።

እንግዲህ ሬጅስተር ሁሉ ሬኮርድ ነው፤ ሬኮርድ ሁሉ ግን ሬጅስተር አይደለም። የአባሎች ስም በተራ ቁጥር የሰፈረበት ደብተራችን ሬጅስተር ነው። ደረሰኝ፣ ቃለ ጉባዔና ደብዳቤ ሬኮርድ ናቸው እንጂ ሬጅስተር አይደሉም።

በአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ «ክብር መዝገብ» ቢደነግግም ሥራው ሳይጀመር ቆየ። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው የብዙ ሟቾች ስም ተጽፎ የቀረው በዕድር ደብተር ነው። ስለዚህ የዕድር ጸሐፊ ሥራ እንደ ቀላል አይታይ።

ደብተሩ አባል መሆናችንን ይናገራል፤ መክፈላችንን የሚመሰክርልን ግን በእጃችን ያለው ደረሰኝ ነው። ሐዘን በገባበት ቤት ወረቀት ፍለጋ ከባድ ነው። ደረሰኞቻችንን አንድ ላይ አስረን፣ ልጆቻችን በሚያውቁት ቦታ እናስቀምጥ።