የሬዲዮ ሞገድ እንዴት ተሰፈረ

ከባሕር ማዶ የሚተላለፈውን የአማርኛ ዜና ለመስማት ሬዲዮውን የከፈተ ሰው፣ ጋዜጠኛው «በአጭር ሞገድ በ31 ሜትር ባንድ» ብሎ ሲያስታውቅ መርፌውን ወደዚያ ቁጥር ያዞራል እንጂ፣ በአየር ላይ የሚበርር ረቂቅ ነገር በሜትር የተለካበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ አይጠይቅም። ምክንያቱ ግን የታወቀ ነው። ሊቃውንቱ አስቀድመው ለመለካት የቻሉት የሞገዱን ርዝመት ነበረ፤ በአንድ ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር ለመቁጠር ግን የሚበቃ ሰዓት አልነበራቸውም።

የስኮትላንዱ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1865 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ባሳተመው ድርሳኑ፣ ኤሌክትሪክና ማግኔት ተሳስረው በብርሃን ፍጥነት የሚጓዝ ሞገድ እንደሚወልዱ በስሌት አስረድቶ ነበር፤ ነገር ግን ያን ሞገድ በሥጋ ዓይኑ ያየ፣ በእጁም የዳሰሰ ስላልነበረ፣ ትምህርቱ ከ20 ዓመት በላይ በእምነት ብቻ እንደሚቀበሉት ምስጢር ሆኖ ቆየ። ምስጢሩን የገለጠው በጀርመን አገር በካርልስሩኸ ከተማ መምህር የነበረው ሃይንሪኽ ኸርዝ ነው። ይህ ሰው በ1888፣ 15 ሜትር ርዝመት ባለው የትምህርት አዳራሽ፣ በአንደኛው ግድግዳ ላይ 4 ሜትር ቁመትና 2 ሜትር ስፋት ያለው የዚንክ ቆርቆሮ አቁሞ፣ ብልጭታ የሚያፈልቀውን መሣሪያ ደግሞ ከግድግዳው 13 ሜትር ያህል አርቆ አኖረ። ከመሣሪያው የሚነሣው ሞገድ በቆርቆሮው ተመትቶ ሲመለስ፣ ሄያጁና ተመላሹ በአንዳንዱ ስፍራ እየተደጋገፉ ይበረታሉ፣ በአንዳንዱም ስፍራ እየተጠፋፉ ይከስማሉ። ኸርዝም ጫፍና ጫፉ ሊገናኝ ጥቂት የቀረው የሽቦ ቀለበት ይዞ፣ በጨለማው አዳራሽ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ፣ በዚያች ጠባብ ክፍተት ላይ የምትታየው ደቃቃ ብልጭታ የት እንደምትደምቅ፣ የትስ እንደምትጠፋ እያየ ምልክት አደረገ። በሁለቱ የጥፋት ስፍራዎች መካከል ያለው ርቀት የሞገዱ እኩሌታ ነውና፣ ሙሉው ሞገድ ከ9 ሜትር የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ስለ ሬዲዮ የተሠራው ሁሉ በዚህ አዳራሽ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ዓለም ግን ክብሩን ይልቁንም ለነጋዴው ለማርኮኒ መስጠቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

የሞገዱ ርዝመት በንዝረቱ ቁጥር ሲባዛ ፍጥነቱን ይሰጣል፤ 300 ሜትር የሆነው ሞገድ በሴኮንድ 1,000,000 ጊዜ ይነዝራል። ኸርዝ ግን ቁጥሩን ያገኘው ከመሣሪያው ቅርጽ ተነሥቶ በስሌት ብቻ ነበርና፣ በስሌቱ ውስጥ 1.4 እጥፍ ያህል የሚያዛባ ስሕተት መግባቱን የፈረንሳዩ ሊቅ አንሪ ፑዋንካሬ አመለከተው። ኸርዝም ቆጥሮ ለማረም የሚችልበት መሣሪያ ሳይመጣ፣ በ1894 መባቻ፣ በ36 ዓመቱ ዐረፈ።

ማርኮኒና የዘመኑ ባለሙያዎች ሞገዱን ለመርከብ ቴሌግራፍ ሲያውሉት፣ መስፈሪያው ያው ሜትር ሆኖ ቀጠለ። ሁለት ክራሮች በአንድ ቅኝት ተቃኝተው ሳለ የአንደኛው ክር ሲመታ የሌላኛው ሳይነካ እንደሚያስተጋባ፣ ተቀባዩ መሣሪያም ከላኪው ጋር ካልተቃኘ አይሰማም፤ ማርኮኒ በ1900 ያስመዘገበው 7777 ቁጥር ያለው የፈጠራ መብት ስለዚሁ ቅኝት ነበር። በ1906 በበርሊን የተሰበሰቡት መንግሥታት ለመርከቦች የ300 እና የ600 ሜትር ሞገዶችን ወሰኑ፤ በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም የድረሱልኝ ጥሪዋ የወጣው በዚሁ በ600 ሜትር ነው።

ችግሩ የታየው የማሰራጫ ጣቢያዎች በበዙ ጊዜ ነው። አንድ ጣቢያ ድምፁን ለማስተላለፍ የሚፈልገው ስፍራ የሚወሰነው በንዝረት ቁጥር እንጂ በርዝመት አይደለም፤ 10 ኪሎ ሳይክል ያህል (ኪሎ ሳይክል ማለት በሴኮንድ አንድ ሺህ ንዝረት ነው) ይበቃዋል እንበል። እንግዲህ ከ300 እስከ 301 ሜትር ያለው ስፍራ 3 ኪሎ ሳይክል ከጥቂት ብቻ ስለሆነ አንድ ጣቢያ እንኳ አይችልም፤ ከ30 እስከ 31 ሜትር ያለው ግን 322 ኪሎ ሳይክል ያህል ስለሆነ 32 ጣቢያ ያስቀምጣል። በእንዲህ ያለ መስፈሪያ አየሩን ለአሕዛብ ማካፈል፣ እያንዳንዱ ክንድ የተለያየ ርዝመት ባለው ገመድ ርስት ከመከፋፈል አይሻልም ነበር። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ዋልተር ኬዲ የኳርትዝ ድንጋይ ንዝረቱን ሳያዛንፍ እንደሚጠብቅ አሳየ፤ የአሜሪካ መንግሥት የልክ መሥሪያ ቤትም ከ1923 ጀምሮ የታወቀ ንዝረት ያለው ምልክት እያሰራጨ ሌሎች ጣቢያዎች ራሳቸውን እንዲያርሙበት አደረገ። በ1927 በዋሽንግተን የተደረገው ጉባኤ ከ10 እስከ 60,000 ኪሎ ሳይክል ያለውን አየር በቁጥር ከፋፍሎ ደለደለ።

የሞገዱ ብርታት የተሰፈረው በሌላ መንገድ፣ ከስልክ ሰዎች በተገኘ ልማድ ነው። የአሜሪካ የስልክ መሐንዲሶች የድምፅን መድከም የሚገምቱት አንድ ማይል ርዝመት ባለው የታወቀ ገመድ ነበረ፤ ነገር ግን ገመዱ ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ እኩል ስለማያደክም፣ በ1924 ገመዱን ትተው ንጽጽርን ብቻ ያዙ፤ ይህም ከጥቂት ዓመት በኋላ በግራሃም ቤል ስም ዴሲቤል ተባለ። ኃይሉ 10 እጥፍ ሲሆን 10 ዴሲቤል፣ 1,000 እጥፍ ሲሆን 30 ዴሲቤል ይባላል፤ ማባዛቱ ሁሉ መደመር ስለሚሆን፣ 1 ኪሎ ዋት የሚያወጣ ማሰራጫ ከአንድ ሚሊ ዋት 60 ዴሲቤል በላይ፣ በሩቅ አገር የሚቀበለው ሬዲዮ ደግሞ ከዚያው 100 ዴሲቤል በታች ቢሆን፣ በመካከላቸው የጠፋው 160 ነው። ይህን በተራ ቁጥር ለመጻፍ ከ1 ኋላ 16 ዜሮ መደርደር ያሻል።

በ1960 የዓለም የመስፈሪያ ጉባኤ በሴኮንድ አንዱን ንዝረት «ኸርዝ» ብሎ አጸደቀው፤ በ1967 ደግሞ ሴኮንድ ራሱ በሲዚየም አቶም 9,192,631,770 ንዝረት ተወሰነ። በ1983 ያው ጉባኤ የብርሃንን ፍጥነት በሴኮንድ 299,792,458 ሜትር ብሎ ስላቆመው፣ ኸርዝ በአዳራሹ ሞገድ የለካበት ሜትር ከዚያን ጊዜ ወዲህ የሚገኘው ንዝረት በመቁጠር ነው።